ስፒከር የት ይቀመጥ? የቤት ስቴሪዮን በክፍሉ ልክ ማስተካከያ

ከስፒከር የወጣ ድምፅ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። ከፊሉ ቀጥ ብሎ ጆሮ ላይ ይደርሳል፤ የቀረው ግድግዳ፣ ወለልና ኮርኒስ እየነካ፣ ጥቂት ዘግይቶ ይከተለዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዱን ድምፅ ያጎላሉ፣ አንዳንዱን ያጠፋሉ። ያው ስፒከር በአንዱ ክፍል ባሱ (ወፍራሙ ድምፅ) ሲያጉረመርም፣ በሌላው ክፍል ደረቅና ቀጭን ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው። አዲስ አምፕሊፋየር ወይም ውድ ገመድ ከመግዛት በፊት ስፒከሩን 20 ሳንቲሜትር ማንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ የበለጠ ለውጥ ያመጣል፤ ወጪም የለውም።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መቀመጫው፣ ቀጥሎ ባሱ፣ ከዚያ በስፒከሮቹ መካከል ያለው ርቀት፣ በመጨረሻ የሚያዩበት አቅጣጫ። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምርና ስፒከሮቹን ግራና ቀኝ ሲያዞር ይውላል፤ ችግሩ ግን ሶፋው ግድግዳ ላይ መለጠፉ ሊሆን ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት

ሜትር፣ ወለል ላይ ምልክት የሚሆንና ሲላጥ ቀለም የማያነሳ የወረቀት ፕላስተር፣ 4 ሜትር ያህል የማይለጠጥ ክር፣ ውሃ ልክ፣ አነስ ያለ መስታወት፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እና የሚረዳዎት አንድ ሰው ያዘጋጁ። ለማዳመጫ ሦስት ነገር ይበቃል፦ አንድ ሰው ብቻውን የሚናገርበት ወይም የሚዘፍንበት ቅጂ፣ ባሱ ከፍና ዝቅ እያለ የሚሄድበት ሙዚቃ፣ እና ከ30 እስከ 120 ሄርዝ (የድምፅ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) በየ5 ሄርዙ የሚያሰማ የሙከራ ድምፅ። የሙከራ ድምፁን ዝቅ አድርገው ያጫውቱ፤ አንድ ወጥ የሆነ የባስ ድምፅ ከፍ ብሎ ሲቆይ ትንንሽ ዉፈሮችን (ባሱን የሚያወጡትን የስፒከር ክፍሎች) ሊጎዳ ይችላል።

አምፕሊፋየሩ ላይ ያሉትን የባስና የትሬብል (የቀጭኑ ድምፅ) መቆጣጠሪያዎች ወደ ዜሮ፣ ባላንሱን ወደ መሃል ይመልሱ። ኢኳላይዘር (የድምፁን ክልሎች ለየብቻ የሚጨምርና የሚቀንስ) እና ድምፅ አስፊ የሚባሉ ቅንብሮችን ሁሉ ያጥፉ።

አሁን ሽቦውን ያረጋግጡ። ቀዩ ከቀይ፣ ጥቁሩ ከጥቁር፣ በሁለቱም ስፒከር ላይ። በአንዱ በኩል ብቻ ከተገለባበጠ የአንዱ ዉፈር ወደ ፊት ሲገፋ የሌላው ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ባሱ ይጠፋል፣ መሃል መቆም ያለበት ድምፃዊ ክፍሉ ውስጥ ይበተናል። እንዲህ ያለ ስፒከር የትም ቢቀመጥ አይስተካከልም። ለመፈተሽ ሁለቱን ስፒከሮች ፊት ለፊት አጠጋግተው አንድ ሰው ሲናገር ያጫውቱ፤ ከዚያ ኃይሉን አጥፍተው የአንዱን ሽቦ ብቻ ገልብጠው ይድገሙት። ድምፁ ሞላ፣ ባሱም በረታ ያለበት ትክክለኛው ነው። የሽቦዎቹ ቀለም የማይለይ ከሆነ፣ አምፕሊፋየር በውስጡ የሌለው ስፒከር በ1.5 ቮልት ባትሪ ይፈተሻል፦ ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው የባትሪውን ፖዘቲቭ በአንዱ ሽቦ፣ ኔጋቲቩን በሌላው ላይ ለቅጽበት ብቻ ያስነኩ። ዉፈሩ ወደ ውጭ ብቅ ካለ ፖዘቲቩን የነካው ሽቦ በቀዩ ቦታ የሚገባው ነው።

መጀመሪያ መቀመጫው

ዝቅተኛ ድምፅ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ራሱን ያጠናክራል። የትኛው ድግግሞሽ እንደሆነ ለማወቅ 343ን (ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሰከንድ የሚጓዘውን ሜትር) በግድግዳዎቹ ርቀት እጥፍ ያካፍሉ። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር ለሆነ ክፍል ውጤቱ በተራ 34፣ 43 እና 64 ሄርዝ ገደማ ነው። የእነዚህ ብዜቶችም አብረው አሉ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ከሆኑ፣ ለምሳሌ ክፍሉ 4 በ4 ከሆነ፣ ሁለት ጉልበት በአንድ ድግግሞሽ ላይ ይደራረብና ባሱ አንድ ኖታ ላይ ብቻ ይጮኻል።

እነዚህ ድምፆች ክፍሉ ውስጥ በሁሉም ቦታ እኩል አይሰሙም። ግድግዳው ሥር በጣም ይጎላሉ። ትክክለኛው መሃል ላይ ደግሞ የመጀመሪያው፣ ማለትም በምሳሌያችን 34 ሄርዙ፣ ሊጠፋ ይደርሳል። ስለዚህ ሁለት ቦታዎች ለጆሮ አይመከሩም፦ የክፍሉ ርዝመት እኩሌታ፣ እና ከጀርባ ያለው ግድግዳ ሥር። የኋለኛው በተለይ ያሳዝናል፤ ሶፋ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነውና።

ጥሩ መነሻ ጭንቅላትዎ ከጀርባዎ ካለው ግድግዳ በክፍሉ ርዝመት 38 በመቶ ላይ እንዲሆን ማድረግ ነው። በ5 ሜትር ክፍል 1.9 ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ ሕግ አይደለም፤ ፍለጋ የሚጀመርበት ቦታ እንጂ። እዚያ ተቀምጠው የሙከራ ድምፆቹን ያጫውቱና መቀመጫውን በየ10 ሳንቲሜትሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱ። የሚፈልጉት ባሱ የሚበዛበትን ቦታ አይደለም፤ ከ40 እስከ 100 ሄርዝ ያሉት ሁሉ ሳይጎድሉ፣ አንዱም ከሌሎቹ ሳይጎላ የሚሰሙበትን ነው። ሶፋውን ወደ መሃል ማምጣት የማይቻል ከሆነ 30 ወይም 40 ሳንቲሜትር እንኳ ከግድግዳው ማራቅ ልዩነቱ ይሰማል።

በወርድ በኩል ክርክር የለም፤ መቀመጫው ከግራና ከቀኝ ግድግዳ እኩል ይራቅ። የመሃሉ መስመር የወርዱ ባስ የሚደክምበት መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ግራና ቀኝ እኩል ካልሆኑ ስቴሪዮ የሚባለው ነገር ራሱ አይኖርም።

ከስፒከሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ

ትልቁ ሥራ እዚህ ነው። ባስ እንደ ቀጭኑ ድምፅ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም፤ በካቢኔው (በስፒከሩ ሳጥን) ዙሪያ ይበተናል። ወደ ኋላ የሄደው ግድግዳውን ነክቶ ሲመለስ ከቀጥታው ድምፅ ጋር ይገናኛል። የሄደበት ትርፍ መንገድ የሞገዱን ርዝመት እኩሌታ ያህል በሚሆንበት ድግግሞሽ ላይ ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 86ን ከስፒከሩ ፊት እስከ ግድግዳው ባለው ርቀት (በሜትር) ያካፍሉ። 25 ሳንቲሜትር ላይ ጉድጓዱ፣ ማለትም ድምፁ የሚጠፋበት ድግግሞሽ፣ 343 ሄርዝ አካባቢ ይወድቃል፤ በ50 ሳንቲሜትር 172፣ በ1 ሜትር 86፣ በ2 ሜትር 43።

ጉድጓዱን ማስወገድ አይቻልም፤ የት እንደሚወድቅ መምረጥ ግን ይቻላል። ኢኳላይዘርም አይሞላውም፤ የጨመሩት ባስ ሁሉ ከግድግዳው ተመልሶ ራሱን ያጠፋልና። 6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ለመጨመር አምፕሊፋየሩ አራት እጥፍ ኃይል እንደሚያወጣ ሲታሰብ ሙከራው ዉፈሩን ከማድከም ሌላ ፋይዳ የለውም።

ስለዚህ ምርጫው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ስፒከሩን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ነው። ጉድጓዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ባሱ ይበረታል፤ ለትንንሽ ስፒከሮች ይህ በጎ ነው፤ በአንጻሩ ድምፁ ጥልቀት ያጣና ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ይመስላል። ሁለተኛው ወደ ክፍሉ ማውጣት ነው። ጥልቀቱ ይመጣል፣ ድምፃዊው ከስፒከሮቹ መስመር ኋላ የቆመ ይመስላል፣ ባሱ ግን ይቀንሳል፤ ጉድጓዱም ወደ ባስ ጊታርና ወደ ከበሮ ክልል ይወርዳል። ቦታ ካለ ሁለተኛው ቢሞከር ይሻላል፤ አንዴ ከሰሙት ወደ ግድግዳው መመለስ ይከብዳል።

ማዕዘን ውስጥ ግን አያስገቡት። እያንዳንዱ ቅርብ ግድግዳ ዝቅተኛውን ባስ እስከ 6 ዴሲቤል ያነሳዋል፤ ማዕዘን ወለሉን ጨምሮ ሦስት ግድግዳ እንደማለት ነው። የሚያጉረመርም፣ የወንድ ድምፅን በርሜል ውስጥ ያለ የሚያስመስል ባስ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይመጣል።

ካቢኔው ከጀርባው የአየር ቀዳዳ ካለው ቀዳዳው እንዲተነፍስ ከግድግዳው ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር ይራቅ፤ አምራቹ የሰጠው መመሪያ የተለየ ቁጥር ካለው እሱን ይከተሉ። ቦታ ጠቦ ባሱ ከበዛ ቀዳዳውን በስፖንጅ መድፈን ይቻላል። ባሱ ይቀንሳል፣ ይጠራልም። ብዙ ስፒከሮች ለዚሁ የተሠራ ስፖንጅ አብሯቸው ይመጣል።

ሦስት ርቀቶችን በደብተሩ ይጻፉ፦ ከዉፈሩ መሃል እስከ ጀርባው ግድግዳ፣ እስከ ጎን ግድግዳ፣ እስከ ወለል። ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ ወይም አንዱ የሌላው እጥፍ ከሆነ፣ ጉድጓዶቹ ተደራርበው ይጠልቃሉ። ሦስቱን ያለያዩ።

ሦስት ማዕዘኑ

የግራው ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል)፣ የቀኙ ትዊተርና የአድማጩ ጭንቅላት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ከአድማጩ ሲታይ በስፒከሮቹ መካከል 60 ዲግሪ ማለት ነው። ስቱዲዮዎችም ቅጂዎቹን የሚያዳምጡት በዚህ ወይም ለዚህ በተጠጋ አቀማመጥ ነው። ለቤት ከ50 እስከ 65 ዲግሪ ያለው ሁሉ ይሠራል። ከዚያ ሲጠብ ሁሉም መሃል ላይ ይሰበሰባል። ሲሰፋ ደግሞ መሃሉ ይበሳል፤ ድምፃዊው ይሳሳል፣ መሣሪያዎቹ ወደ ሁለቱ ካቢኔዎች ይሸሻሉ።

በምሳሌያችን ክፍል ስፒከሮቹ በ4 ሜትሩ ግድግዳ በኩል ይቆማሉ። አድማጩ ከዚያ ግድግዳ 3.1 ሜትር ላይ አለ። በትዊተሮቹ መካከል 2.4 ሜትር ከሆነ፣ እኩል ጎን እንዲሆን ስፒከሮቹ ከአድማጩ 2.08 ሜትር ፊት ለፊት ባለው መስመር ላይ ይውላሉ፤ ከጀርባቸው ግድግዳ 1.02 ሜትር፣ ከጎን ግድግዳ 80 ሳንቲሜትር ይቀራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ በማስቀመጫ ላይ የቆመ አነስተኛ ስፒከር ዉፈሩ ከወለል 80 ሳንቲሜትር ገደማ ከሆነ፣ ከጎን ግድግዳው ርቀት ጋር እኩል ሆነ። እያንዳንዱን 10 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ሲገፉት ሦስቱ ርቀቶች 70፣ 80 እና 102 ይሆናሉ፤ ማዕዘኑም ከ60 ወደ 64 ዲግሪ ብቻ ይሰፋል። ይህን ይዘው ማዳመጥ ይጀምሩ።

እኩልነቱን በዓይን አይመኑ፤ በክር ይለኩ። ክሩን ከመቀመጫው በጭንቅላት ከፍታ አስረው እስከ ግራው ትዊተር ይዘርጉ፣ በጣት ይያዙ፣ ወደ ቀኙ ያዙሩት። ልዩነቱ ከ1 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ። ድምፅ 34 ሳንቲሜትርን በ1 ሚሊሰከንድ ይጓዛል፤ አንዱ ስፒከር በዚያን ያህል ከቀደመ ጆሮ ድምፁን ሁሉ ወደ እሱ ይሰጣል። 10 ሳንቲሜትር እንኳ ድምፃዊውን ከመሃል ወደ ጎን ይጎትተዋል። የባላንስ መቆጣጠሪያው ኃይልን እንጂ ጊዜን አያስተካክልም።

ከፍታና አቋም

ትዊተሩ ከጆሮ ጋር ይተካከል። ለተቀመጠ ሰው ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከወለል ከ95 እስከ 110 ሳንቲሜትር ነው፤ በሶፋው ላይ ተቀምጠው ቢለኩት ይሻላል፤ ሶፋ ከሶፋ ይለያያልና። ማስቀመጫው አጭር ከሆነ ስፒከሩን ከፊቱ ትንሽ አንስተው ወደ ላይ እንዲያይ ያድርጉ።

ትዊተሩና ዉፈሩ አንዱ ከአንዱ በላይ የተሠሩ ስፒከሮችን በጎናቸው አያስተኙ። ሁለቱ በጋራ በሚሠሩበት ክልል፣ በብዙዎቹ ከ2 እስከ 3 ኪሎሄርዝ አካባቢ፣ ጭንቅላትዎን ወደ ጎን ባነቃነቁ ቁጥር ድምፁ ይቀያየራል። ሲቆም ያ ችግር ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይሆናል፤ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ እምብዛም አይነሳም።

ውሃ ልኩን ካቢኔው አናት ላይ ያድርጉ። የሚወዛወዝ ማስቀመጫ ወለሉን በሾሉ እግሮች ወይም በጎማ ይያዝ። ወለሉ ጣውላ ሆኖ ከባሱ ጋር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለስላሳው ጎማ ይመረጣል።

አቅጣጫ ማስያዝ

ቀጭን ድምፅ ወደ ፊት ተሰብስቦ ስለሚሄድ፣ ስፒከሩን ወደ ውስጥ ማዞር የትሬብሉን መጠንና የመሃሉን ጥራት ይወስናል። መነሻው ስፒከሮቹ ከጭንቅላትዎ 30 ሳንቲሜትር ያህል ኋላ ወዳለች ነጥብ እንዲያዩ ማድረግ ነው። ተቀምጠው ሲያዩአቸው የካቢኔዎቹ የውስጥ ጎን በጥቂቱ ይታያል። ምንም ጎን ካልታየ በቀጥታ ወደ እርስዎ ዞረዋል። የውጭ ጎናቸው ከታየ መስመራቸው ከፊትዎ ተላልፏል።

የአንድ ሰው ድምፅ ያለበትን ቅጂ ያጫውቱ። ድምፃዊው ጠባብ ሆኖ አንድ ቦታ ካልቆመ ወደ ውስጥ ይጨምሩ። ድምፁ ቢሾልና «ስ» እና «ሽ» ጆሮ ቢወጉ ወደ ውጭ ይመልሱ። በየ3 ዲግሪው፣ ማለትም 20 ሳንቲሜትር ወርድ ባለው ካቢኔ አንዱን ጠርዝ 1 ሳንቲሜትር በመግፋት፣ ይሂዱ። ሁለቱ እኩል መዞራቸውን ለማረጋገጥ ከካቢኔው የኋላ ሁለት ማዕዘኖች እስከ ግድግዳው ይለኩና ልዩነቱ ለግራም ለቀኝም አንድ መሆኑን ይዩ።

ሦስት ሰው ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ መስመሮቹ ከአድማጮቹ ፊት እንዲተላለፉ ማድረግ ይጠቅማል፤ ግራ የተቀመጠው ሰው ለግራው ስፒከር ቢቀርብም የቀኙ ስፒከር በቀጥታ ወደ እሱ ስለሚያይ ሚዛኑ በከፊል ይጠበቃል።

ከጎን የሚነጥረው

ረዳትዎ መስታወቱን በትዊተሩ ከፍታ የጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተ ይሂድ። ከመቀመጫዎ ሆነው ትዊተሩ በመስታወቱ ውስጥ የታየዎት ቦታ ድምፁ ነጥሮ የሚመጣበት ነው። በምሳሌያችን ክፍል ከስፒከሩ ፊት 55 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። እዚያ 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጥቅጥቅ ስፖንጅ ወይም በጨርቅ የተሸፈነ የሱፍ ፓነል፣ ካልሆነም ጥልቀታቸው የተለያየ መጻሕፍት ያሉበት መደርደሪያ ያድርጉ። ስስ ጨርቅና የእንቁላል ካርቶን ትሬብሉን ብቻ ይውጣሉ፤ የቀረው እንዳለ ይመለሳል፣ ክፍሉም የታፈነ ይመስላል። በስፒከሮቹና በመቀመጫው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ።

መሃል ላይ ቆመው ያጨብጭቡ። ጭብጨባው እንደ ገደል ማሚቶ ጥር ጥር እያለ ከተመለሰ ሁለት ባዶ ግድግዳዎች ፊት ለፊት ናቸው፤ አንዱን ይሸፍኑ። ሁሉንም መሸፈን ግን አያስፈልግም፤ ሕይወት የሌለው ክፍል ሙዚቃንም ያደርቃል።

አንዱ ስፒከር ማዕዘን አጠገብ፣ ሌላው ክፍት በር አጠገብ ከሆነ ባሳቸው አይመሳሰልም። መጀመሪያ ሌላ ግድግዳ ይሞክሩ።

መደርደሪያና ጠረጴዛ

መደርደሪያ ውስጥ የግድ ከሆነ የስፒከሩ ፊት ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ይስተካከል ወይም ትንሽ ይውጣ፤ ወደ ውስጥ ከገባ ጠርዞቹ ድምፁን ይሰብሩታል። በዙሪያው ያለውን ባዶ ቦታ በመጽሐፍ ይሙሉ፣ ከሥሩ ስፖንጅ ያድርጉ። ጠረጴዛ ላይ ሦስት ማዕዘኑ ከ70 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ይሆናል። ስፒከሩን ከጠረጴዛው 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገው፣ ከፊት ጠርዝ አቅርበው ወደ ጆሮ ያዙሩት።

ሰብዉፈር ካለ

ሰብዉፈሩን (ዝቅተኛውን ባስ ብቻ የሚያወጣውን ስፒከር) መቀመጫው ላይ ያውጡ፣ ባስ ያጫውቱ፣ እርስዎ ደግሞ ጆሮዎን ወደ ወለል ዝቅ አድርገው በግድግዳው ሥር ይዙሩ። ሁሉም ኖታ እኩል የተሰማበት ቦታ ላይ ያስቀምጡት። እንግዳ ቢመስልም የሚሠራ ዘዴ ነው፤ ድምፅ ከሀ ወደ ለ የሚሄድበት መንገድ ከለ ወደ ሀ ከሚመጣበት አይለይምና። መከፋፈያውን (ባሱ ከስፒከሮቹ ወደ ሰብዉፈሩ የሚተላለፍበትን ድግግሞሽ) በ80 ሄርዝ ይጀምሩ። የፌዝ ማብሪያውን (የሰብዉፈሩን እንቅስቃሴ ወደ ተቃራኒው የሚገለብጠውን) 0 እና 180 ላይ እየቀያየሩ፣ በ80 ሄርዝ የሙከራ ድምፅ ላይ ጎላ ብሎ የተሰማውን ይያዙ።

ችግሩ ሲሰማ

ባሱ አንድ ኖታ ላይ ብቻ ካጉረመረመ፣ ከስፒከሩ በፊት መቀመጫውን 20 ሳንቲሜትር ያንቀሳቅሱ። ካልተለወጠ ስፒከሮቹን ከማዕዘን ያርቁ።

ድምፃዊው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ክሩን እንደገና ይዘርጉ። ርቀቱ እኩል ሆኖ ካጋደለ የግራና የቀኝ የስፒከር ገመዶችን አምፕሊፋየሩ ላይ ያቀያይሩ፤ ዝንባሌው ወደ ሌላው ጎን ከሄደ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ወይም የማጫወቻው ነው፣ እዚያው ከቀረ የክፍሉ ወይም የስፒከሩ ነው። ስፒከሮቹን ራሳቸውን ሲቀያይሩ ደግሞ ሁለቱ ይለያሉ።

ከበሮው ኃይል ካጣ ከ80 እስከ 120 ሄርዝ ያለውን ይፈትሹ። ጉድጓድ ካገኙ ስፒከሮቹን በ10 ሳንቲሜትር እርምጃ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱ፤ ሁለቱንም እኩል፣ ክሩንም ደግመው።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ያንኑ ቅጂ በዚያው የድምፅ መጠን ያዳምጡ። ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና መጠኑን አለመንካት ነው። ጆሮ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለሚደክም ቀሪውን ለሌላ ቀን ያቆዩ። የመለኪያ ማይክሮፎንና ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ካለዎት ጉድጓዶቹን በዓይን ያያሉ፤ የስልክ ማይክሮፎን በባስ በኩል እምብዛም አይታመንም፣ ሁለት ቦታዎችን ለማወዳደር ግን ይበቃል።

ቦታው ሲገኝ የካቢኔዎቹን አራት ማዕዘን በፕላስተሩ ወለሉ ላይ ያስምሩ፣ ቁጥሮቹን በደብተሩ ይጻፉ። ክፍሉ ሲጸዳ ስፒከር መነሳቱ አይቀርም፤ ሶፋ ወይም ትልቅ ቁምሳጥን ሲቀየር ደግሞ ልኬቱ እንደገና ከመቀመጫው ይጀመራል።